የወይራ ሽብልቅ

አራት ሰዎች ነበርን። ቀብላኑ፣ ሣሩን ለማጨድ የተኮናተረው ሰውዬ፣ ከትራክተሩ የቀኝ የኋላ ጎማ አጠገብ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ነበር። ሠራተኛው መሪው ላይ ተቀምጦ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ ትእዛዝ ይጠብቃል። የልጄ ልጅ ሊአት የወታደር ልብሷን ሳትቀይር የደረጃውን ብረት ተደግፋ ስልኳን ትነካካለች። እኔ የሕንፃው ጥላ በሚደርስበት የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጬ ነበር።

ቦታው ቲራት ካርሜል ነው፤ ልጄ የምትኖርበት አሮጌ ሕንፃ ጀርባ። እኔ የምኖረው ሃይፋ፣ ሃሊሳ ሰፈር ነው። ዓርብ ዓርብ ጠዋት በአውቶቡስ እመጣለሁ፤ ሰንበት ሳይገባ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ከሕንፃው ጀርባ ወደ ተራራው የሚወጣ ዳገት አለ። ሣሩ በክረምት ይወፍርና ፋሲካ ሲያልፍ ይደርቃል። እሳት እንዳይነሣ በየዓመቱ ይታጨዳል። በፊት ጎረምሶች በትከሻቸው ባንጠለጠሉት ሞተር ነበር የሚያጭዱት። ዘንድሮ ሰውዬው ያባቱን አሮጌ ማጨጃ ከትራክተር ጋር ይዞ መጣ።

እንዲህ ያለ ማጨጃ ካየሁ ስድሳ ዓመት ያህል ይሆነኛል። ወደ ጎን የሚዘረጋ ረጅም የብረት ክንድ ነው። በክንዱ ላይ የሾሉ ጣቶች ተደርድረዋል። በጣቶቹ መካከል ባለጥርስ ቢላዋ እየተመላለሰ ይቆርጣል። መልኩን ገና ሳላየው ሽታው ደረሰኝ፤ ፀሐይ ያሞቀው ግራሶና የተረገጠ ሣር።

ቀብላኑ ሲጋራውን ከአፉ ሳያወጣ ከመሬት አንድ የሣጥን ስባሪ አነሣ። በጣቶቹ መካከል አስገብቶ በመዶሻ ሁለት ጊዜ መታ አደረገው። ቢላዋው እንዳይንቀሳቀስ መሆኑ ነው። ከዚያ እጁን ሰደደ። አፉ ውስጥ ሲጋራ እንጂ ጸሎት አልነበረም።

«ሳብታ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ ሊአት። ሳብታ የምትለኝ አያቴ ለማለት ነው። «ፊትሽ ልክ አይደለም።»

ምንም አልሆንኩም አልኳት። አላመነችኝም፤ ስልኳን ኪሷ ከተተችና አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ማሽኑን የት እንደማውቀው ጠየቀችኝ። ጥቂት ነገርኳት። እዚህ የምጽፈው ለእሷ ያልነገርኳትንም ጨምሮ ነው።

አሥር ዓመቴ ነበር። በጎንደር ደጋ ከነበረው መንደራችን ወደ አርማጭሆ ቆላ የወረድነው በዚያ ዓመት ነው። አባቴ ታደለ ጠይብ ነበር፤ ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ይሠራል። እናቴ ሸክላ ትሠራ ነበር። አባቴ ለአገሩ ሁሉ ማረሻ ሲያወጣ ለራሱ የሚያርስበት መሬት አልነበረውም። የእኛ ሰዎች ርስት አልነበራቸውም። ጎጆ የምንቀልሰው በሰው መሬት ላይ ነው፤ ባለርስቱ ሲከፋው ይነቀላል። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ሲነቀል አይቻለሁ። ምሰሶው የነበረበት ጉድጓድ ዝናብ ይቋጥርና እንቁራሪት ይገባበታል። ስለዚህ ቤት ማለት ሰው ለጊዜው የሚኖርበት፣ ኋላ ግን የእንቁራሪት የሚሆን ነገር ይመስለኝ ነበር።

ቆላ የወረድነው ባላምባራስ የሚሏቸው ባለርስት አባቴን ስላስጠሩት ነው። ትራክተርና አሮጌ ማጨጃ ገዝተው አምጥተዋል። ማጨጃው ክረምቱን ሜዳ ላይ ከርሞ ዶሮ ሰፍሮበት ነበር። ግማሽ ጥርሱ የለም፤ ከትራክተሩ ጋር የሚያያዝበት ብረትም ጠፍቷል። ባላምባራስ በበቅሏቸው ላይ እንደተቀመጡ ለአባቴ የተናገሩትን እናቴ ብዙ ጊዜ ስትደግመው ስለሰማሁ ቃል በቃል አውቀዋለሁ። «ይህን ብረት አስነሥተህ ሣሬን እስከ ኅዳር ሚካኤል ካጋደምክልኝ፣ ከወንዙ ዳር ያለውን መሬት ላንተ እሰጣለሁ። በሽማግሌ ፊት እሰጣለሁ።»

አባቴ በዚያ ቀን ማታ ወንዙ ዳር ወረደ። አፈሩን በእጁ ዘግኖ አሸተተው። ለእናቴም ሸክላ የሚሆን ጭቃ እንዳለው ነገራት። እናቴ፣ ገና ሳይሰጡህ አታሽትተው አለችው።

የትራክተሩ ሾፌር ተስፋይ ይባላል። ከአስመራ ወገን የመጣ ቀጭን ሰው ነው፤ ሥራ ላይ ሲሆን ያፏጫል። ጠይብ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላል ብለው አስፈራርተውታል። ስለዚህ የአባቴን ፊት አያይም ነበር። ምሳውን ሲበላ ጀርባውን ይሰጠናል፤ እንጀራውንም በነጠላው ይሸፍናል። አንገቱ ላይ ክታብ ነበረው፤ አባቴ በተናገረ ቁጥር ይዳስሰዋል። አባቴም በበኩሉ እሱን አይነካም። የእኛ ሕግ እንዲህ ነበር፤ ከሌላ ሰው ጋር የተነካካ ማታ በወንዝ ታጥቦ ነው ቤት የሚገባው። እንግዲህ አንዱ ማየት የማይችል፣ አንዱ መንካት የማይችል ሁለት ሰዎች ማጨጃ ከትራክተር ጋር ሊያያይዙ ተነሡ።

ሥራው መተያየትን ይጠይቃል። ሾፌሩ ትራክተሩን ወደ ኋላ ሲያስጠጋ መሬት ላይ ያለው ሰው በእጁ ይመራዋል። የትራክተሩ ሁለት ክንዶች ከማጨጃው ሁለት ጆሮዎች ጋር መግጠም አለባቸው። አንዱ ሲገጥም ሌላው በአንድ ጣት ያልፋል። አባቴ እጁን ያነሣል፤ ተስፋይ ግን ጫማውን እያየ ነው የሚነዳው። ሁለት ጊዜ ብረቱን ከብረት አጋጨው። በሦስተኛው አባቴ ከመካከል ዘሎ ወጣ።

«ሰማህ ወይ» አለው፤ «ካላየኸኝ እኔ ሳልበላህ ይህ ትራክተር ይበላሃል።»

ተስፋይ ሳቁን መያዝ አልቻለም። እየሳቀም ቀና ብሎ አየው። በዚያ ቀን ገጠመ። አባቴ የጠፉትን ማያያዣዎች አስቀድሞ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጦ ሠርቷቸው ነበር። እኔ ወናፉን እነፋ ነበር። በመጀመሪያው ሰሞን አባቴ ብረቱን መሬት ላይ ያስቀምጥለታል፣ ተስፋይ ከመሬት ያነሣል። በሳምንቱ የማጨጃው ክንድ ሾልኮ ሲወድቅ ተስፋይ እግሩን ሊያጣ ምንም አልቀረውም ነበር። አባቴ በደረቱ አቅፎ ጎተተው። ያን ዕለት ወንዝ ውስጥ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ግን ዕቃውን በእጁ ያቀብለው ጀመር። እናቴ ስትጠይቀው፣ አንዴ ከነካሁት ወዲያ ምን ልዩነት አለው፣ ወንዙ እንደሆነ አያልቅም አላት። ተስፋይም «አንተ ጠይብ» ማለቱን ትቶ «አያ ታደለ» ይለው ጀመር። የማጨጃውን ጥርሶች ሲቆጥር፣ ይህ ብረት እንደ ባላምባራስ ነው፣ ካለው ጥርስ የሌለው ይበልጣል ይላል። አባቴ ሳቁን ለመደበቅ ወደ እሳቱ ይዞራል።

ለእኔ ተስፋይ ከተበላሸ ማሽን ውስጥ ያወጣትን የኩሽኔታ ጥይት፣ ትንሽ የብረት ኳስ፣ ሰጠኝ፤ ድቡልቡል፣ ቀዝቃዛ፣ ፊቴ የሚታይባት። ጥሩወርቅ የሚለውን ስሜን አሳጥሮ ጥሩዬ ይለኝ ነበር።

ማያያዙ ካለቀ በኋላ ማስተካከሉ መጣ። ክንዱ ሲዘረጋ ጫፉ በአንድ መዳፍ ወደ ፊት የቀደመ ነበር። ተጣሟል ብዬ ለአባቴ ነገርኩት። ሆን ብሎ እንዳደረገው አስረዳኝ። ሣር ውስጥ ሲገባ ወደ ኋላ ይጎተታል፤ ቀድሞ የቆመ ነው ሲሄድ የሚቃናው አለኝ። ቀጥሎ ቢላዋው ነው። በሚመላለስበት ጊዜ እያንዳንዱ ጥርስ ከጣቱ መካከል ላይ ደርሶ መመለስ አለበት። ካለፈ ወይም ካነሰ አይቆርጥም፣ ያኝካል። ይህ የሚስተካከለው ከሚሽከረከረው ክብ ብረት ሲቆጠር ሦስተኛ በሆነው፣ ሁለት ዳዶ በታሰረበት ብሎን ነው። አባቴ በጆሮው ነበር የሚያውቀው። ልክ ሲሆን እንደ መቀስ ይሰማል ይል ነበር።

የእኔ ሥራ ሽብልቋ ነበረች። አባቴ ከወይራ የጠረባት፣ ከመዳፌ ትንሽ የምትረዝም እንጨት ናት። እጁን ወደ ቢላዋው ከመስደዱ በፊት «ጥሩ፣ እንጨቷን» ይለኛል። እሮጣለሁ። በጣቶቹ መካከል አስገብቶ በመዶሻው ቀስ አድርጎ ይመታታል። ሁልጊዜም በዚያች ቅጽበት «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» ይላል። ይህ ቄሳችን ጸሎት ሲጀምሩ የሚሉት ነው። አባቴ መዶሻ ሲያነሣ እንዲህ አይልም፤ ወናፍ ሲነፋም አይልም። ለእሷ ብቻ ነው። ማታ ሲታጠብ እሷንም አብሮ ያጥባታል፤ ከበሩ መቃን በስተውስጥ በገመድ ያንጠለጥላታል።

ስለዚህ የተቀደሰች ናት ብዬ ያዝኩ። ምን ታደርጋለች ብዬ አልጠየቅኩም። ቄሱ በግ ሲያርዱ ይባርኩ የለም እንዴ፤ አባቴም ብረቱን ይባርካል ብዬ አሰብኩ። አንድ ቀን፣ የተቀረቀረ ቢላዋ የሞተ እንዳይመስልሽ፣ ትንፋሹን ይዞ ነው ብሎኝ ነበር። ሣር የጎረሰ ቢላዋ ሞተሩ ቢጠፋም ግማሽ ምት ይዞ ይቆያል፣ ሣሩ ሲወጣለት ያቺን ይጨርሳታል አለኝ። እኔ የሰማሁት ትንፋሽ ያለው መሆኑን ነው። ጸሎት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው አልኩ።

ተስፋይ አንድ ጊዜ ሽብልቋን ሊያነሣ እጁን ዘረጋ። አባቴ፣ ተው፣ እሷን እኔ ነኝ የማስገባት አለው። ተስፋይ በኃይል ስለሚመታ ይሰብራታል ብሎ ነበር፤ ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። ተስፋይ እጁን ሰበሰበና ክታቡን ዳሰሰ። አባቴ ሲርቅ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ያቺ ያባትሽ መድኃኒት ናት አይደል ብሎ ጠየቀኝ።

አዎ አልኩት። ኮርቼ ነው ያልኩት።

ሣሩ መታጨድ የጀመረው ኅዳር ከገባ በኋላ ነው። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከሩቅ መቀስ ይመስላል፤ ሣሩ አንድ ጊዜ ይንቀጠቀጥና እንደ ደከመው ሰው ይተኛል። የአገሩ ሰው ቆሞ ያይ ነበር። አባቴ በየማለዳው ክንዱን ይፈትሻል፣ ግራሶ ይቀባል፣ ከዚያ ወደ ወናፉ ይመለሳል። በየቀኑ ማታ ከሜዳው የቀረውን በእርምጃ ለክቶ ለእናቴ ይነግራታል። በአሥረኛው ቀን፣ ዓርብ፣ የቀረው የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ነበር። ኅዳር ሚካኤል እሑድ ይውላል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አባቴ መዶሻውን አየር ላይ አቆመ። እኔ ምንም አልሰማሁም። «ብሎኑ ሸሸ» አለ። ሜዳው ዳር ስንደርስ ቢላዋው ማኘክ ጀምሮ ነበር። ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች። እሳት ሊጠፋ፣ ወንዝ ሊወረድ፣ ነጭ ሊለበስ ነው። አባቴ ክንዱን አየ፣ ፀሐይዋን አየ። ሰንበት ሲወጣ አስተካክለዋለሁ አለ።

ባላምባራስ በበቅሏቸው ደረሱ። ነገስ ምን ልትሠራ ነው አሉት።

«ነገ ሰንበታችን ነው፣ ጌታዬ።»

«ከነገ ወዲያ ደግሞ የእኛ ነው፤ ሚካኤልም ነው። እኔ ያልኩህ እስከ ሚካኤል ነው።»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ» አለ አባቴ።

ማታ ለእናቴ እሱ ራሱ ነው የተናገረው፤ መሬቱን የፈጠረ ሰንበትንም ፈጥሯል አለ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። መሬቱን ያጣነው በዚያች ሌሊት እንደሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር። አባቴ ይህን ችሎት ነበር። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይችለው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ትራክተሩ ተነሣ። ባላምባራስ ተስፋይን ብቻውን እንዲያጭድ አዘውታል። ቢላዋው ጥቂት አኘከና ዝም አለ። ኋላ ተስፋይ አጥራችን ዘንድ መጣ። አባቴ ነጭ ለብሶ ቁርበት ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ተነሥቶ እስከ አጥሩ ሄደ።

«አያ ታደለ፣ አንዲት ቃል ብቻ» አለው ተስፋይ። «የትኛው ብሎን ነው? አንተ አትንካ፣ እኔ እነካለሁ።»

«ሰንበት ነው፣ ተስፋይ።»

«ያባርሩኛል።»

አባቴ የአጥሩን እንጨት ይዞ ቆመ። በሰንበት ሥራ አይሠራም፤ የሥራ ነገርም አይወራም። ፀሐይ ስትገባ እየሮጥኩ እመጣለሁ አለው። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ድምፅ ግን የለውም።

ተስፋይ አልሄደም። እናቴ የተሰበረ ሸክላ ወደምትጥልበት ወደ ጓሮ ዞረና አጥሩ ሥር ቁጢጥ አለ። እኔ እዚያ ነበርኩ። አልጠየቀኝም። ይህን መጻፍ ያለብኝ ይመስለኛል፤ እሱ ምንም አልጠየቀኝም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ መሬት መሬት ያያል። ማፏጨቱን ትቷል። እኔ ነኝ አፌን ወደ አጥሩ ቀዳዳ ያስጠጋሁት።

«ሦስተኛው ነው፣ ሁለት ዳዶ ያለበት» አልኩት። «ግማሽ ዙር አላላው። ከዚያ ሣሩን አውጣና ቢላዋውን በእጅህ ግፋው፣ ጥርሱ ከጣቱ መካከል እስኪደርስ።»

ቀና አለ። «ሌላስ፣ ጥሩዬ?»

ሽብልቋ በበሩ መቃን ላይ ተንጠልጥላለች። ትዝ አላለችኝም ማለት አልችልም። ትዝ ብላኛለች። እሷ ግን የእኛ ናት አልኩ በልቤ። ጸሎቱን አያውቀው፣ ቢያውቀውም በእሱ አፍ አይሆንም። ደግሞ በሰንበት ዕቃ ተሸክሞ መውጣት ኃጢአት ነው። በመናገሬ ኃጢአት ሠርቻለሁ፤ ግማሹ እንኳን ይቅር አልኩ።

«ሌላ የለም» አልኩት።

በቀዳዳው ውስጥ ጣቴን ነካ አድርጎ ሄደ። ሲሄድ ያፏጭ ነበር።

የሰማሁት ድምፅ የሰው አልመሰለኝም፤ የበቅሎ መሰለኝ። አባቴ ግን አወቀው። በሰንበት የማንሻገረው ደረቅ ወንዝ ነበረ። ነጭ ልብሱን ለብሶ እየሮጠ ተሻገረው። እኔም ተከተልኩት። ስደርስ ተንበርክኮ የተስፋይን ቀኝ እጅ በራሱ ሸማ እየጠቀለለ ነበር። ሸማው ነጭ መሆኑ ወዲያው ቀረ። ከአውራ ጣቱ በቀር አራቱም የሉም። ጣቶቹን በዓይኔ አላየኋቸውም። ሣሩ ረጅም ነበር።

አባቴ ክንዱን አየ። ብሎኑ ላልቷል፤ ትክክለኛው ብሎን ነው። በብረቱ ጣቶች መካከል ግን ምንም የለም።

«እንጨት አላስገባህም?» አለው።

ተስፋይ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ መለሰ። «እሷ መድኃኒትህ አይደለችም ወይ? ያንተ ናት ብዬ ነው።»

አባቴ መሬት ላይ ተቀመጠ። «እንጨት እኮ ናት» አለ። «ጣት እንዳይቆረጥ የምትያዝ እንጨት ናት። እኔ የጸለይኩት ስለምፈራ ነው።»

ሽብልቋ ምን እንደምታደርግ ያወቅሁት በዚያን ጊዜ ነው።

የባላምባራስ ሰዎች መጡ። ጠይቡ እጁን በላው አሉ። ሰንበቱን ምክንያት አድርጎ በላው አሉ። አንዲት ሴትዮ ልጇን በቀሚሷ ሸፈነች፤ ከእኛ ዓይን መሆኑ ነው። ባላምባራስ ከበቅሏቸው አልወረዱም። እስከ ማክሰኞ ጎጆህ እንዳይታየኝ አሉ። አባቴ የሰማቸው አልመሰለኝም።

እሑድ ማለዳ ተስፋይን መኪና ወደሚያልፍበት መንገድ በቃሬዛ ወሰዱት። መንገዱ በደጃችን ነው። አባቴ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። የተሸከሙት ሰዎች ፈሩትና ቃሬዛውን አወረዱ። እኔ ከአባቴ ኋላ፣ ሦስት እርምጃ ያህል ርቄ ነበር። የኩሽኔታዋ ጥይት በእጄ ውስጥ ነበረች።

አባቴ ቁጭ ብሎ ወደ ተስፋይ ተጠጋ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው» አለው። «ትክክለኛውን ብሎን አግኝተሃል። የነገረህ ሰው አለ? ልጣላው አይደለም። እጅህ የሄደው እኔ ዝም ስላልኩህ መሆን አለመሆኑን ልወቅ ብዬ ነው።»

ተስፋይ በአባቴ ትከሻ ላይ አልፎ እኔን አየኝ። ትኩሳት ስለነበረበት ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ረጅም ጊዜ አየኝ። ልጅ ነኝና የሚቆጣኝ መሰለኝ።

«ማንም አልነገረኝም፣ አያ» አለ። «ራሴ ነኝ።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያስ ዝምታዬ ነው» አለ።

ተስፋይ ይህን ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ሰዎቹ ግን ቃሬዛውን አንሥተው ነበር። በአንድ ቃል እኔን አዳነኝና አባቴን ጨረሰው። ቃሉ በእኔም አፍ ውስጥ ነበር። ሦስት እርምጃ ብቻ ነው። አባቴ ሲነሣ ጉልበቱን አቧራ ነክቶት ነበር፤ አላራገፈውም። እኔ ጥይቷን ጨብጬ ቆምኩ፤ እስክትሞቅ ድረስ ጨበጥኳት።

ማክሰኞ ጎጆውን አባቴ ራሱ ነቀለው። የምሰሶዎቹን ጉድጓዶች አንድ በአንድ አፈር ሞልቶ በእግሩ ረገጣቸው። መዶሻውን እዚያው ተወው። ሽብልቋን ግን ያዛት። ከዚያ በኋላ በኖርንበት ቤት ሁሉ ከበሩ መቃን ላይ አንጠልጥሏታል፤ እስኪሞት ድረስ ብረት አልቀጠቀጠም። ዓርብ ማታ ሰንበት ሲገባ ሰው ሁሉ ሲመራረቅ፣ እሱ የቀኝ እጁን አራት ጣቶች ወደ ውስጥ አጥፎ ይቀመጥ ነበር። ያን እጅ እያየሁ ስንት ዓርብ እንዳለፈ አላውቅም። በእያንዳንዱ ዓርብ ልነግረው እችል ነበር።

ቀብላኑ የሣጥኑን ስባሪ ነቅሎ ኪሱ ከተተው። «ቤሰደር»፣ ተስተካክሏል፣ ብሎ ለሠራተኛው ጮኸ፤ ትራክተሩ ተነሣ። ቢላዋው ጥቂት አንገራገረና እንደ መቀስ መሰማት ጀመረ። ሣሩ ዳገቱ ላይ እየተንቀጠቀጠ ተኛ።

ሊአት ሣሩን አይደለም የምታየው፤ እኔን ነው። የነገርኳት ስለ ማጨጃው፣ ላልቶ ስለተገኘው ሦስተኛ ብሎን፣ ስለ ሰንበቱ፣ ስለ ተስፋይ እጅና ስለ አባቴ ዝምታ ነው።

«ረጋ፣ ሳብታ፤ ቆይ» አለች። «ሦስተኛው ብሎን ነው ብለሻል። አባትሽ ካልነገረው፣ ሾፌሩ በምን አወቀ? ማን ነገረው?»

ቦርሳዬን ከአጥሩ ላይ አነሣሁና፣ የደረጃውን ብረት ይዤ ወደ አውቶቡሱ ወረድኩ።